የሚሄድና የሚላክ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በመንግሥት ወይም በማኅበር ወይም በቸር ሰዎች ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ልኮ፣ ለጥቂት ሳምንት ወይም ለጥቂት ወር የሌላውን ሕዝብ ኑሮ እንዲያዩ ማድረግ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ሆኗል። ይህ ዕድል በእኛም አገር አልፎ አልፎ ለአንዳንድ ልጅ ይደርሳል፤ ለሚበዙት ግን አይደርስም። ወሬው ሲሰማ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አስተዋይ ሰው ጥቂት ቢያስብበት ከደስታው በታች ከባድ ጥያቄ ተሸፍኖ ያገኛል። 60 ልጆች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚማሩበት ከተማ፣ ለሁሉም መጽሐፍና ወንበር ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ለአንዱ ልጅ የአውሮፕላን ዋጋ ማድረግ ቅን ፍርድ ነውን? ያ ልጅስ ሄዶ ሲመለስ ለቀሩት ለ59ኙ ምን ዕዳ አለበት? የላኩትስ ሰዎች ለእርሱ ምን ዕዳ አለባቸው?

ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ፈጥነው ይመልሳሉ። አንዱ ወገን፣ መንገድ ዓይን ይገልጣልና የተቻለውን ያህል ልጆች መላክ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ቤቱ ሳይከደን ለግብዣ መሮጥ ከንቱ ነው፤ በፊት ወንበሩ ይሠራ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሳይመረምሩ አልፈዋል፤ ያውም በሚሄድ ሰውና በሚላክ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት በግዕዝ ሖረ ማለት ሄደ ማለት ነው፤ ለአከ ማለት ደግሞ ላከ ማለት ነው። መልእክትም መልአክም ከዚህ ከሁለተኛው ግሥ የወጡ ቃላት ናቸው። የሚሄድ ሁሉ የተላከ አይደለም። ነጋዴ ስለ ትርፉ ይሄዳል፤ ባለጠጋ ዓይኑን ለማስደሰት ይሄዳል፤ ስደተኛ ከመከራ ሸሽቶ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ በገዛ ነገራቸው ይሄዳሉና ሲመለሱ ምን ይዛችሁ መጣችሁ ብሎ ሊከሳቸው የሚችል የለም። የተላከ ሰው ግን ሦስት ነገር አለው። አንደኛ ላኪ አለው፤ ሁለተኛ የያዘው መልእክት አለው፤ ሦስተኛ መልሱን ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አለው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ያ ሰው ሂያጅ ነው እንጂ ልኡክ አይባልም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የጋራ ገንዘብ ለሂያጅ ሊወጣ አይገባም፤ ለልኡክ ግን ቢወጣ ከወንበርም ከመጽሐፍም የሚያንስ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ ነገር ለመነጋገር፣ ናዝሬት እየተባለች ብዙ ዘመን የኖረችው የአዳማ ሕዝብ ከሌላው ይልቅ ምክንያት አለው። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብጽና ወደ አሜሪካ የሚላኩት ወጣቶች በባቡር ተሳፍረው በሞጆና በአዳማ በኩል ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ዓይነት የተላኩት ከመቶ ይበልጣሉ። ያን ጊዜ አዳማ ትንሽ ጣቢያ ነበረች፤ የሌላውን አገር ልኡካን ውሃ አጠጥታ ታሳልፍ ነበር። ዛሬ ግን ራሷ ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶባታል፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞችም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሞልቷል። እንግዲህ ሌላውን ስታሳልፍ የኖረች ከተማ የራሷን ልጅ በምን ሥርዓት ትልካለች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ገንዘብ ብቻውን ልኡክ እንደማያደርግ ከታሪካችን እንይ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የትምህርቱን ወጪ የእንግሊዝ መንግሥት ቻለ፤ በታወቁት በቸልተንሃምና በረግቢ ትምህርት ቤቶች፣ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ከገንዘቡም ከመምህራኑም የጎደለበት አልነበረም። ነገር ግን ከአገሩ የላከው ሰው አልነበረም፤ የያዘው መልእክት አልነበረም፤ ተመልሶ የሚነግረውም ሰው አልነበረም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። ከዚያው ከመቅደላ ሌላ ሕፃን፣ ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባለው፣ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስዶ ነበር። እርሱንም የላከው አልነበረም። ሆኖም ከዓድዋ ድል በኋላ ዘመዶቹንና አገሩን ፈልጎ መጣ፤ በሕክምናውም አገለገለ፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈትም በአስተዳደሩ ሠራ። ይህ ሰው ላኪ ሳይኖረው ራሱን ልኡክ ያደረገ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን ከብዙ አንድ ነውና ሥርዓታችንን በእርሱ ልክ ልንሠራ አንችልም።

አባቶቻችን ተማሪን በጋራ ስንቅ መላክን ከውጭ ሰው አልተማሩትም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከሸዋ ተነሥቶ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም ዋሸራ፣ ድጓ ፍለጋ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ አቋቋም ፍለጋ ወደ ጎንደር ሲሄድ ቀለብ የሚቆርጥለት ግምጃ ቤት አልነበረም። በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን፣ ለራሷ እንኳ ያልተረፋት ባልቴት ከቆሎዋ ትዘግንለት፣ ከእንጀራዋ ትቆርስለት ነበር። ባልቴቲቱ ልጁን አታውቀውም፤ ሁለተኛም አታየው ይሆናል። ነገር ግን የእርሷ ልጅ በሩቅ አገር ደጅ ሲቆም ሌላ ባልቴት እንደምትቆርስለት ታምናለች። ልጁም ዕዳው ለማን እንደ ሆነ ያውቃል። ያደገ ጊዜ ቆሎውን ሊመልስ ወደ ባልቴቲቱ ደጅ አይሄድም፤ ወንበር ዘርግቶ ከእግሩ ሥር ለተቀመጠው ደቀ መዝሙር ያስተምራል። በዚህ ሥርዓት ዕዳ የሚከፈለው ከኋላ ለሚመጣው ነው። ምንም መዝገብና ማኅተም ሳይኖረው የአገሪቱን ትምህርት ብዙ መቶ ዓመት ያኖረው ይህ ነው።

የተላከ ሰው የሚያፈራውን ፍሬ ላኪው አስቀድሞ ሊቆጥረው እንደማይችልም ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ምስክር የምትሆነን ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንዷ ሻሸመኔ ናት። መላኩ በያን በ1914 ዓ.ም. ገደማ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ለትምህርት ተላከ። በኦሃዮ አገር በመስኪንገም ኮሌጅ ተማረ፤ ኋላም የጥቁር ሕዝብ ልጆች በሚማሩበት በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ተመልሶ አገለገለ። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ገና ወደ አሜሪካ ልከውት በነሐሴ 1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1932 ዓ.ም. ገና በ40 ዓመቱ ዐረፈ። በመከራ ዘመን ለኢትዮጵያ የቆሙት ጥቁር ሕዝቦች ዋጋ ይሆን ዘንድ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት ለዚሁ ማኅበር አባሎች ተሰጠ። ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡት ሰዎች በከተማይቱ የሠፈሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አብዛኛው መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቢወረስም መንደሩ አልጠፋም። አንድ ወጣት ወደ ኦሃዮ ሲላክ የመንገዱን ወጪ የጻፈ የግምጃ ቤት ጸሐፊ፣ ያ ገንዘብ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በሻሸመኔ ሰፈር ሆኖ ይበቅላል ብሎ ሊያስብ ይችል ነበርን? ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ያወጣነው በዓመቱ መጨረሻ ምን አተረፈ ብሎ ሒሳብ መጠየቅ የሚገባ ቢሆንም፣ ዓመቱ ሳይሞላ ከሠረ ብሎ መፍረድ አይገባም።

ሆኖም የተላከው ብቻውን ሁሉን ሠራ ማለት ስሕተት ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በምፅዋ ነጻ ወጥቶ የስዊድን ሚሲዮናውያን ካስተማሩት በኋላ ወደ ስቶክሆልም ተልኮ 5 ዓመት ተማረና ተመለሰ። በ1891 ዓ.ም. ገደማ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእርሱ ድካም ነው። ነገር ግን ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተለየ የቋንቋው ሙላት ርቆት ነበር። ያን ሙላት የሰጠችው በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የነበረችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ከባርነት የወጣች ብትሆንም የአገሯን ቃልና ተረት በልቧ ይዛ ነበርና፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ሰበሰበች፤ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከኦኔሲሞስ ጋር የንባብ መጽሐፍ አዘጋጀች። ስቶክሆልም ድረስ ሄዶ የተማረው ሰው፣ ወደ እናት ቋንቋው ጓዳ ለመግባት ቁልፉን የያዘች ሌላ ሰው አስፈለገችው። እንግዲህ ያልተላኩት 59 ልጆች የተላከውን ወሬ ለመስማት ብቻ የተቀመጡ አይደሉም፤ ያመጣው ነገር በእነርሱ ዕውቀት ካልተሟላ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

አንባቢ ግን እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ ዓመት ተቀምጠው የተማሩ ናቸው፤ የዛሬው የትምህርት ቤት ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ወይም ሦስት ወር ቆይቶ ይመለሳል፤ በዚህ አጭር ጊዜ ምን ሊያመጣ ይችላል? ተቃውሞው እውነት አለበት። በአጭር ጊዜ የእጅ ጥበብ አይለመድም፤ ሕክምናም አይጠናም። ነገር ግን በአጭር ጊዜ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጠየቅና መጠየቅን መቻል ነው።

ኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ በዘመኑ ከልዩ ልዩ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በየዓመቱ ወደ አሜሪካ እያስመጣ፣ ሦስት ወር ያህል በተማሪዎች ቤተሰብ ዘንድ እያሳደረ ያወያያቸው ነበር። በ1949 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ በዚያው ዓመት ነጻ ከወጣችው ከጋና፣ ከናይጄሪያና የዘር መድልዎ ሕግ ከሠለጠነባት ከደቡብ አፍሪካ የተላኩት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰው ሰውን በመልኩ ስለ መናቁ በቴሌቪዥን ተከራከሩ፤ ምስሉና ድምፁ እስከ ዛሬ አለ። እነዚህ ልጆች ከወጣትነት ዕድሜ አልወጡም፤ ነገር ግን የአገራቸውን ነገር ሲጠየቁ የሚመልሱት ነበራቸው፤ የሌላውንም አገር ነገር መልሰው ይጠይቁ ነበር። የአጭር መንገድ ፍሬ ይህ ነው። ደግሞም አንድ የሚያሳዝን ነገር እናይበታለን፤ የአፍሪካ ልጆች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር ውቅያኖስ መሻገር አስፈልጓቸው ነበር።

ይህ ነገር ወደ ስምጥ ሸለቆ ይመልሰናል። ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አልፎ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድ በሞያሌ በኩል እስከ ናይሮቢ ይደርሳል። ከናይሮቢ ጥቂት አልፎ ናይቫሻ የሚባል ሐይቅ አለ። እርሱም እንደ ዝዋይ በስምጥ ሸለቆ የተኛ የጣፈጠ ውሃ ነው፤ ዓሣ ይጠመድበታል፤ በዳሩም ወደ አውሮፓ የሚሸጥ አበባ ይተከላል። በናይቫሻ የአበባ እርሻ ከእኛ አስቀድሞ የተጀመረ ስለ ሆነ፣ በዝዋይ ዳር የሚኖር ሕዝብ ነገ የሚያገኘውን ጥቅምና ጉዳት የናይቫሻ ሕዝብ ዛሬ ያውቀዋል። የባቱ ልጅ በየቀኑ የሚያየው ነገር አለ፤ አባቱ ወይም እናቱ በአበባው እርሻ ይሠራሉ፤ ጎረቤቱ ከሐይቁ ዓሣ ያወጣል፤ የመቂ ገበሬ ከወንዙና ከሐይቁ ውሃ በሞተር እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት ያጠጣል፤ ከዝዋይ በታች ያለው አብጃታ ሐይቅም ከዳሩ እየሸሸ ሄዷል። ይህን ሁሉ የሚያይ ልጅ በልቡ ጥያቄ አለው። እንግዲህ 60 ልጆች ተሰብስበው ጥያቄያቸውን ይጻፉ፤ ውሃው ለማን ምን ያህል ይከፈላል? የሠራተኛው ደመወዝ ኑሮውን ይችላልን? ዓሣ አጥማጁ ምን ሆነ? ሐይቁንስ የሚጠብቀው ማን ነው? ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ናይቫሻ የሚሄድ ልጅ ልኡክ ነው። ሳይዝ የሚሄድ ልጅ ግን ፓሪስ ቢደርስ እንኳ ሂያጅ ነው።

ከጥያቄው ጋር ስንቅም ያስፈልገዋል። ስለ አገሩ ሲጠየቅ የሚናገረው ከሌለው በእንግዳ ፊት ያፍራል። ወደ ባሕር ማዶ የሚላክ የስምጥ ሸለቆ ልጅ፣ በዝዋይ ደሴቶች ስለሚኖሩት ስለ ዛይ ሕዝብ፣ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ተሰዳ ተቀምጣበት ነበር እየተባለ ስለሚተረክበት ስለ ደብረ ጽዮን ደሴትና ስለ ብራና መጻሕፍቱ፣ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓት፣ ስለ ወንጂ ሸንኮራና ስለ ቆቃ ግድብ ሊያስረዳ ይገባዋል። ይህን ስል፣ አገሩን ጨርሶ ያላወቀ ልጅ ወደ ውጭ አይሂድ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው አነጋገር የድሃውን ልጅ ለማስቀረት ሲነገር ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ለባለጠጋው ልጅ ግን ማንም አይነግረውም። እኔ የምለው የስንቁ ዝግጅት የላኪው ሥራ ነው፤ ጉዞው ከመደረጉ በፊት በነበሩት ወራት ትምህርት ቤቱ ያሰንቀው።

አሁን ወደ ዕዳው ነገር እንምጣ። አዳማ የንግድ ከተማ ስለ ሆነች ዕቁብን የማያውቅ የለም። በዕቁብ ሁሉም ያዋጣል፤ ዕጣ የወጣለትም ጠቅላላውን ይወስዳል። በመጀመሪያ የወሰደ ሰው ገንዘቡ የእርሱ ሆነ ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወስድ ድረስ በየሳምንቱ ማዋጣት አለበት። በመጀመሪያ ወስዶ የሚጠፋ ሰው የሚበድለው ሰብሳቢውን አይደለም፤ ተራቸውን የሚጠብቁትን ነው። የተላከ ልጅ ዕዳም እንደዚሁ ነው። በሄደበት አገር ቃሉን አፍርሶ ቢቀር ገንዘቡን የሰጠው ማኅበር አይራብም። ዳሩ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ በኤምባሲ ደጅ ሲቆም፣ ያለፈው አልተመለሰም ተብሎ በሩ ይዘጋበታል። እርሱ ያልበላውን ይከፍላል። ይህን ለልጁ ሳይሸሽጉ መንገር ይገባል፤ ልጅ ነውና አይገባውም ማለት ስሕተት ነው፤ ዕቁብን የሚያውቅ ልጅ ይህን ያውቃል።

አንዳንዶች ለዚህ መፍትሔ ብለው የልጁ ወላጆች ቤትና ንብረት መያዣ ያስይዙ ይላሉ። በውጭ አገር መንግሥታትም ዘንድ ለመግቢያ ፈቃድ ሀብት ያለው ሰው ይመለሳል ተብሎ ይታመናል፤ ድሃው ይጠረጠራል። ይህ ነገር ከሥሩ የተበላሸ ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበው በራሱ መሄድ ለማይችለው ልጅ ከሆነ፣ ሀብት የሌለውን የሚያስቀር መያዣ መጠየቅ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው። ከንብረት የሚበልጥ መያዣ አለ፤ እርሱም 60 ልጆች ስማቸውን ጽፈው የሰጡት ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲያ ከብዙዎቹ አንዱ ቢቀር፣ ስለ እርሱ በደል የቀሩትን ሁሉ መቅጣት አይገባም። የቆሎ ተማሪ ሁሉ መምህር አልሆነም፤ ስለዚህ ግን ባልቴቲቱ ደጇን አልዘጋችም።

ስለ ምርጫውም ጥቂት ልበል። በማርክ ብቻ ቢመረጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣው መብራትና መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደገው ልጅ ነው፤ በመምህሩ ፈቃድ ብቻ ቢመረጥ ሐሜትና አድልዎ ይገባበታል። የሚሻለው ይመስለኛል፣ በጥያቄያቸው፣ በትጋታቸውና በጠባያቸው የተገቡት ተለይተው ከእነርሱ መካከል በሕዝብ ፊት ዕጣ ቢጣል። በዕጣ የወጣ ልጅ እኔ ከሌላው እበልጣለሁ ብሎ አይታበይም፤ ያልወጣለትም ተናቅሁ ብሎ አያዝንም።

ደግሞ ድሃውን የሚያስቀረው ትልቁ ወጪ ብቻ አይደለም። የአውሮፕላኑን ዋጋ ማኅበሩ ይከፍላል፤ ነገር ግን ፓስፖርት ለማውጣት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከአርሲ ነገሌ አዲስ አበባ ተመላልሶ ማደር፣ ፎቶግራፍ መነሣት፣ ለብርድ አገር የሚሆን ልብስና ሻንጣ መግዛት አለ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች በድሃ ቤት ደጅ ላይ ትልቅ ተራራ ይሆናሉ። የብሪታንያ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎችን ወደ ውጭ ለመላክ ቱሪንግ የተባለውን ሥርዓት ሲያቆም፣ ችግረኛ ለሆኑት ልጆች የፓስፖርትና የቪዛ ወጪ ጭምር እንዲከፈል ማድረጉ ይህን ስላወቀ ነው። ሀብታም በሚባል አገር ይህ ካስፈለገ በእኛ ዘንድ ይልቁንም ያስፈልጋል። ሴት ልጅንም ማሰብ ይገባል፤ ወላጆቿ የሚፈሩት ገንዘቡን አይደለም፤ ከማን ጋር ትሄዳለች፣ በማን ቤት ታድራለች ብለው ነው። የታመነች መምህርት አብራ እንድትሄድ ካልተደረገ ዕጣው ለወንድሞቿ ብቻ የሚወጣ ይሆናል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ቢሸከመው ይከብደዋል። ቢሆንም ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ነጋዴው፣ ባለሆቴሉ፣ የዕድሩ አባልና ደብሩ ቢተባበሩበት አይከብድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የላኪዎች ዕዳ ነው። ልጁ ሲሄድ በአበባና በፎቶግራፍ እንሸኘዋለን፤ ሲመለስ ግን የሚጠይቀው የለም። ወይ ፈረንጅ ሆነብን ብለው ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ወይ ያመጣውን ስጦታ አይተው ይመለሳሉ። መልእክቱን የሚቀበለው ያጣ ልኡክ በግድ ሂያጅ ይሆናል፤ ሁለተኛም ሲሄድ ላለመመለስ ይሄዳል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲፈጁ በውጭ አገር ተምረው የተመለሱትን ወጣቶች ለይተው ፈልገው ገደሉ። ጠላት የተላከ ሰው ለአገሩ ምን እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ጠላት ያወቀውን እኛ ሳናውቀው ብንቀር ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ልጁ በተመለሰ በሳምንቱ ወላጆች፣ መምህራን፣ ካህናትና የከተማው ሹማምንት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበው የተሰጠው ጥያቄ አንድ በአንድ ይነበብ፤ ያገኘውን መልስ ይንገር፤ መልስ ያላገኘበትንም እንዲሁ ይናገር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚላከውም ልጅ ያን አንብቦ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይጠይቅ። የተመለሰውም ልጅ እርሱን ያሰናዳ፤ የዕቁቡ መዋጮ ይህ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ስለ ወንበሩ ላነሣነው ጥያቄ የምመልሰው ይህን ነው። ልጁ ምንም ሳይዝ ሄዶ ምንም ሳይዝ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ይዞ ተመልሶ የሚሰማው የሌለ ከሆነ፣ ወንበሩ ይገዛ፤ የ60 ልጆችን ገንዘብ ለአንዱ ደስታ ማድረግ ዐመፅ ነው። ነገር ግን 60ው በአንድ ጥያቄ ልከውት፣ በአንድ ልብ ጠብቀው፣ ባመጣው ላይ የራሳቸውን ጨምረው የሚሠሩበት ከሆነ፣ የሄደው አንድ ልጅ አይደለም፤ ክፍሉ ሁሉ ሄዶ ተመልሷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ልጁ ብቻ አይደለም። ከመነሣቱ በፊት ጥያቄውን በእጁ የምናስይዘው፣ ሲመለስም ተቀምጠን የምንሰማው እኛ ነን።